ጥቀርሻ ውስጥ የተገኘው ኳስና ስስ ሽፋኑ



«ካርቦን ስንት መልክ አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሳያመነታ «ሁለት ነው፤ አልማዝና ግራፋይት» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ከደብተር ወደ ደብተር ሲገለበጥ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ሙሉ መልስ አይደለም። ሌላ መልክ ተገኝቷል፤ ስሙም ፉለሪን ይባላል። እኛ ነገ ከነገ ወዲያ በየገጠሩ ትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆም እጩ መምህራን ነን። ተማሪው ግማሽ መልስ ከእኛ እንዳይወርስ ጉዳዩን ከወዲሁ አንስተን ልንወያይበት ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ግን ፉለሪን መኖሩን በመናገር ላይ ብቻ አይደለም። ዋናው ሐሳባችን እንዲህ ነው፦ አንድ ንጥረ ነገር የሚሰጠው ጥቅም ከምን እንደተሠራ በማወቅ ብቻ አይታወቅም። በምን ላይ እንደተነጠፈ፣ እንዴት እንደተነጠፈና ምን ያህል ስስ እንደሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንን ለመረዳት ደግሞ የግድ ውድ ላቦራቶሪ አያሻም። ምጣድ፣ የቡና ስኒና አንድ ትሪ ውሃ ብዙ ያስተምራሉ።

ሀ. ለመሆኑ ፉለሪን ምንድን ነው?

በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በአራት አቅጣጫ ተቆላልፏል። ጥንካሬው ከዚህ የመጣ ነው። በግራፋይት ውስጥ ግን እያንዳንዱ አቶም ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ብቻ ተያይዞ፣ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳዎች ያሉት ጠፍጣፋ ገበታ ይሠራል። ገበታዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው በቀላሉ ይንሸራተታሉ። እርሳስ በወረቀት ላይ ሲሄድ ጥቁር መስመር የሚተወው በዚሁ ምክንያት ነው።

እስቲ ከእነዚህ ገበታዎች አንዱን ወስደን ወደ ኳስነት ለመጠቅለል እንሞክር። ሁሉም ባለ ስድስት ጎን ከሆነ እምቢ ይላል፤ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል። በመሀል በመሀሉ ባለ አምስት ጎን ሲገባበት ግን መጉበጥ ይጀምራል። ባለ አምስት ጎኖቹ 12 ሲሞሉ ገበታው ዞሮ ይዘጋል። ከፉለሪኖች ሁሉ ታዋቂው 12 ባለ አምስት ጎንና 20 ባለ ስድስት ጎን ፊቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ የተጫወቱበትን ጥቁርና ነጭ ኳስ ፎቶግራፍ ያየ ሰው የፉለሪንን ቅርጽ አየ ማለት ነው። ጥቁሮቹ ባለ አምስት ጎን፣ ነጮቹ ባለ ስድስት ጎን ናቸው።

በዚህ ኳስ ውስጥ ስንት አቶም አለ? መሸምደድ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። 12 ሲባዛ በ5 ስልሳ ማዕዘን ይሆናል፤ 20 ሲባዛ በ6 መቶ ሃያ ማዕዘን ይሆናል። ድምሩ 180 ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሦስት ፊቶች ስለሚገናኙ 180ን ለ3 እናካፍላለን፤ መልሱ 60 ነው። እያንዳንዱ ጠርዝ ደግሞ ለሁለት ፊቶች የጋራ በመሆኑ 180 ለ2 ሲካፈል 90 ጠርዝ፣ ማለትም 90 የአቶም ትስስር እናገኛለን። ስለዚህ ይህ ሞለኪውል ካርቦን ስልሳ ይባላል። ሲ ስልሳ እያሉ የሚጠሩትም አሉ። ከአንድ ጫፍ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ያለው የአቶሞች ርቀት 0.7 ናኖ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖ ሜትር መሆኑን እናስታውስ።

ለ. ኳሱ እንዴት ተገኘ?

የጃፓኑ ኬሚስት ኤይጂ ኦሳዋ እንዲህ ያለ ሞለኪውል ሊኖር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1970 በጽሑፍ አመልክተው ነበር። ጽሑፉ በጃፓንኛ ስለነበረ በሌላው ዓለም ብዙ ሰው አላየውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሂውስተን ከተማ በሚገኘው በራይስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃሮልድ ክሮቶ፣ ሪቻርድ ስሞሊና ሮበርት ከርል ግራፋይትን በሌዘር ጨረር እየመቱ በሂሊየም ጋዝ ውስጥ አተነኑት። ቀን ከሌሊት በመሣሪያው አጠገብ ሆነው የሠሩት ደግሞ ጄምስ ሂዝና ሾን ኦብራየን የተባሉ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ከተነነው የካርቦን ጭስ ውስጥ ክብደቱ 720 የሆነ አንድ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ታየ። የአንድ ካርቦን አቶም ክብደት 12 ነው፤ 720 ለ12 ሲካፈል 60 ይሆናል። ቡድኑ ቅርጹ ኳስ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ስሙንም ከባለ ብዙ ጎን ክፍሎች ክብ ጣሪያ በመሥራት ከሚታወቁት ከአሜሪካዊው በክሚንስተር ፉለር ወሰደ። የፉለር ትልቁ ክብ ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1967 በካናዳ ሞንትሪያል በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቆሞ ነበር። ሦስቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1996 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ1985 የተገኘው መጠን ግን በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ አልነበረም። ነገሩን ወደ ጠርሙስ ያስገቡት በጀርመን ሃይደልበርግ የነበሩት ቮልፍጋንግ ክሬችመርና በአሜሪካ አሪዞና የነበሩት ዶናልድ ሃፍማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1990። ዘዴያቸው የሚገርም ነው። በሂሊየም ጋዝ ውስጥ በሁለት የግራፋይት ዘንጎች መካከል ኃይለኛ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ያደርጋሉ፤ ዘንጉ እየተነነ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ጥቀርሻው ተጠርጎ በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። ተራው ጥቀርሻ አይሟሟም፤ ፉለሪኑ ግን ይሟሟል፤ ፈሳሹም ቀለም ያወጣል። ንጹሕ ካርቦን ስልሳ ቶሉይን በተባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ ደማቅ ሐምራዊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። በእናቶቻችን ማድ ቤት ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ ፉለሪን ነው ማለት አይደለም። እሱ በአብዛኛው ቅርጽ የሌለው ካርቦንና የጭስ ዘይት ነው። ፉለሪን በሚፈለገው መጠን የሚገኘው ሙቀቱና ጋዙ በጥንቃቄ ሲመጠን ነው። ተማሪ ጠይቆን «ከጣሪያው ጥረግ፤ ያው ነው» ብለን እንዳናሳስት።

ሐ. ስስ ሽፋን ስንል ምን ያህል ስስ?

ካርቦን ስልሳ ሞለኪውሎች ሲደራረቡ በገበያ ላይ እንደተቆለለ ብርቱካን ይደረደራሉ፤ በአንዱና በሌላው መሀል ያለው ርቀት ከእምብርት እስከ እምብርት 1 ናኖ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ወለል በአንድ ንጣፍ ብቻ ቢሸፈን ውፍረቱ 1 ናኖ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር መሆኑን ስናስብ ስስነቱ ይገባናል።

ይህን በሌላ መንገድ እንመልከተው። ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ቢነጠፉ አንድ ካሬ ሜትር ለመሸፈን የሚያስፈልገው 1.4 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በመሆኑም 1 ግራም ካርቦን ስልሳ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። 10 ግራም ካለን ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር የሆነውን የእግር ኳስ ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ንጣፍ አልብሰን ጥቂት ይተርፈናል። ለሻይ ከሚጨመር ሁለት ማንኪያ ስኳር የማይበልጥ ክብደት ሜዳ ሙሉ ሲያለብስ ማለት ነው። ዋጋው ውድ የሆነ ነገር በስሱ ሲነጠፍ ለብዙ የሚዳረሰው ለዚህ ነው።

ደግሞም በስስ ሽፋን ውስጥ ከወለሉና ከአየሩ ጋር የሚነካካው ሞለኪውል ብዙ ነው፤ ተሸሽጎ የሚቀረው ጥቂት ነው። በጉብታ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ በጌዴኦ ምድር የቡና ነገር ለማንም አዲስ አይደለም። በኮቸሬም ሆነ በይርጋ ጨፌ የታጠበ ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ሲሰጣ በስሱ ይበተናል፣ በየጊዜውም ይገላበጣል። በወፍራሙ ከተከመረ የላዩ ሲደርቅ የውስጡ ይሻግታል። አንድ ዓይነት ቡና፣ አንድ ዓይነት ፀሐይ፣ ግን አሰጣጡ ውጤቱን ለየው።

መ. ሽፋኑ በምን ዘዴ ይሠራል?

ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ።

አንደኛው መንገድ ማትነን ነው። በእሳት ላይ የተጣደ ድስት ክዳን ሲነሣ ከውስጥ በኩል የውሃ ጠብታ ይታይበታል፤ የተነነው ወጥቶ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ነው የሚሰበሰበው። ካርቦን ስልሳም በትንሽ ማሞቂያ ዕቃ ተደርጎ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሲሞቅ፣ ሳይቀልጥ ከዱቄትነት በቀጥታ ይተናል። ከላዩ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ወለል ከተደረገለት እዚያ ላይ ይሰፍራል። ወፍራም ያልሆነው ሽፋን ቢጫ ወደ ቡናማ ያደላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚደረገው አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ነው። ለምን ቢሉ፣ አየር ራሱ ሞለኪውል ስለሆነ ቀድሞ ወለሉን ይይዘዋል። ከተለመደው አየር አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ብቻ በቀረበት ክፍል ውስጥ እንኳን በአንድ ሰኮንድ ጊዜ ውስጥ ወለሉን የሚመታው የአየር ሞለኪውል፣ ሁሉም ቢጣበቅ፣ ወለሉን አንድ ንጣፍ ሊያለብሰው ይበቃል። ለሰዓታት ንጹሕ ሆኖ የሚቆይ ወለል ከተፈለገ ግን የቀረውን አየር እንደገና በአሥር ሺህ እጥፍ ማሳነስ ያስፈልጋል። የዚህ ሙያ ውድነት ከፉለሪኑ ይልቅ ያለው ባዶነትን በማዘጋጀቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማሟሟትና ማድረቅ ነው። ይሄኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ አንድ ጠብታ በረከቦቱ ላይ ፈስሶ ቢደርቅ ምን እናያለን? ጥቁር ቀለበት! መሀሉ ሳስቶ ጠርዙ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ1997 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አስረድተዋል። የጠብታው ጠርዝ ወለሉን ይዞ አይለቅም፤ ውሃው ደግሞ ከመሀሉ ይልቅ በጠርዙ በኩል ቶሎ ይተናል። የጎደለውን ለመሙላት ከመሀል ወደ ዳር ፈሳሽ ይጎርፋል፤ ሲጎርፍም ደቃቁን የቡና ብናኝ ይዞ ሄዶ ዳር ላይ ይከምረዋል። የፉለሪን ፈሳሽም እንዲሁ ዝም ብሎ ጠብ ተደርጎ ቢደርቅ እዚህ ወፍራም፣ እዚያ ባዶ ይሆናል።

መፍትሔው ማሽከርከር ነው። ወለሉ በደቂቃ ሺህና ከዚያ በላይ እንዲዞር ይደረጋል፤ ፈሳሹ ከላዩ ጠብ ሲል፣ ከሚሽከረከር የብስክሌት ጎማ ጭቃ እንደሚረጨው፣ ትርፉ ተፈናጥሮ ይሄድና እኩል የሆነ ስስ ሽፋን ይቀራል። ይህም ቶሎ ስለሚደርቅ ቀለበት ለመሥራት ጊዜ አያገኝም።

ሠ. ወለሉም ድርሻ አለው

እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡ ጥሩ ስለሆነ ብቻ እንጀራው ያምራል ብሎ አያስብም። ምጣዱ በሚገባ መሟሸት፣ በጎመን ዘር መታሰስ፣ ሙቀቱም መመጠን አለበት። ካልሆነ ሊጡ ይይዛል፣ ዓይንም አያወጣም። ለፉለሪንም ወለሉ ምጣዱ ነው።

ይህን በዓይናቸው ያዩት ሊቃውንት የተጠቀሙበት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊዘርላንድ ዙሪክ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ቤተ ሙከራ በጌርድ ቢኒሽና በሃይንሪሽ ሮረር የተሠራው ልዩ ማይክሮስኮፕ ነው። ጫፉ እጅግ የሾለ መርፌ ከወለሉ በላይ አንድ ናኖ ሜትር እንኳን በማይሞላ ርቀት እየሄደ፣ በመርፌውና በወለሉ መሀል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየለካ፣ ዓይነ ስውር ጽሑፍ በጣቱ እንደሚያነብ የወለሉን ወጣ ገባ ያነባል። ለዚህም ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። ካርቦን ስልሳ በገፍ መሠራት በጀመረበት በዚያው በ1990 በወርቅ ላይ የተደረደሩት ኳሶች በዚህ መሣሪያ አንድ በአንድ ታዩ።

ሦስት ወለሎችን እናወዳድር።

1ኛ/ ግራፋይት። ግራፋይት ካርቦን ስልሳን የሚይዘው በለሆሳስ ነው። ኳሶቹ በላዩ እየተንሸራተቱ ሄደው እርስ በርሳቸው ይፈላለጉና እዚህም እዚያም ደሴት ይሠራሉ።

2ኛ/ ወርቅ። ወርቅ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ሆኖም ኳሶቹ ቦታ እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ በስድስት ጎረቤት የተከበበበት፣ መልክ ያለው ሰልፍ ይሠራሉ። የተደራረበውን ሽፋን ብናሞቀው የላይኞቹ ንጣፎች ቀድመው ይበራሉ፤ ወርቁን የነካው የመጀመሪያው ንጣፍ ግን ተጨማሪ ሙቀት ካልተሰጠው አይለቅም። ባለ አንድ ንጣፍ ሽፋን የሚዘጋጅበት አንዱ ብልሃት ይኸው ነው።

3ኛ/ ሲሊከን። ንጹሕ የሲሊከን ወለል ያልተያያዙ የአቶም እጆች አሉት። ኳሱ በወደቀበት ይያዛል፤ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። ቢሞቅም ከመልቀቅ ይልቅ ኳሱ ራሱ ፈርሶ ካርቦኑ ከሲሊከኑ ጋር ይዋሐዳል።

ያው አንድ ካርቦን ስልሳ፣ በሦስት ወለል ላይ ሦስት ጠባይ አሳየ። ሌላም አለ። በጠጣሩ ካርቦን ስልሳ ውስጥ ኳሶቹ በክፍል ሙቀት ቦታቸውን ሳይለቁ በየራሳቸው ይሽከረከራሉ፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲወርድ ያ ነጻ መሽከርከር ይገታል። እኛ ጠጣር ነገር «ሞለኪውሎቹ የማይንቀሳቀሱበት» ነው ብለን እንዳናስተምር ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ረ. ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የካርቦን ስልሳ ስስ ሽፋን የፖታሲየም ትነት ሲጠጣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሆነ። በኳሶቹ መሀል ባለው ክፍተት ፖታሲየም ገብቶ ነው። የሙቀት መጠኑ ከፍጹም ዜሮ በላይ 18 ኬልቪን ገደማ ሲደርስ ደግሞ ያለ አንዳች ተቃውሞ አስተላላፊ መሆኑ ታወቀ።

ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፀሐይ ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒያዚ ሰርዳር ሳሪቺፍትቺ፣ አለን ሂገርና ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር አሳዩ። ብርሃን የመታው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፕላስቲክ አጠገቡ ካርቦን ስልሳ ካገኘ፣ ኤሌክትሮኑን እጅግ በፈጠነ ጊዜ አሳልፎ ይሰጠዋል። ፉለሪን ኤሌክትሮን ተቀባይ ነው። ይህ ከሆነ ሁለቱን በስስ ሽፋን አዋሕዶ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው።

ችግሩ ርቀት ነው። ብርሃን በፕላስቲኩ ውስጥ የቀሰቀሰው ኃይል ከመጥፋቱ በፊት የሚጓዘው 10 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህንን ከቡና ጋር ብናያይዘው ግልጽ ይሆናል። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ይበላሻል። ስለዚህ ጣቢያዎቹ በየማሳው አቅራቢያ መበተን አለባቸው። ግን ጣቢያው ቅርብ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ከጣቢያው ወደ ዲላ የሚያወጣ ያልተቋረጠ መንገድም ያስፈልጋል። መንገድ የሌለው ጣቢያ ቡናውን ይዞ ይቀመጣል። በሽፋኑ ውስጥም እንዲሁ ነው። ፉለሪኑ በፕላስቲኩ ውስጥ በደቃቁ ካልተሰራጨ የተቀሰቀሰው ኃይል ሳይደርስበት ይጠፋል። ከመጠን በላይ ተበታትኖ እርስ በርሱ ካልተያያዘ ደግሞ የተቀበለውን ኤሌክትሮን ወደ ሽቦው የሚያደርስበት መንገድ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ቅልቅል ሽፋን ለመሥራት የተቻለው በቀላሉ የሚሟሟ ጅራት የተቀጠለለትን የፉለሪን ዓይነት በመጠቀም ነው። ከዚያ ወዲህ የነበረው አብዛኛው ድካም በመሟሟቱ፣ በመድረቁና በመሞቁ ላይ ነበር። ማለትም በአሰጣጡ ላይ!

አገራችንም በዚህ ሥራ ድርሻ አላት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ፣ እንዲሁም አባይ ጋዲሳ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን፣ ሰፋ ያለ የፀሐይ ብርሃን የሚስቡ አዳዲስ ፕላስቲኮችን ከፉለሪን ዓይነቶች ጋር አቀላቅለው የሠሯቸውን የፀሐይ ሴሎች እ.ኤ.አ. በ2007 በሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። የኢትዮጵያ ልጆች በዚህ ረቂቅ ሙያ እንደሚሠሩ ለተማሪዎቻችን መንገር ተገቢ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ፉለሪን በፕላስቲክ የፀሐይ ሴል ውስጥ የነበረው የበላይነት ዛሬ የለም። ከእሱ ጋር የተሠሩት ምርጥ ሴሎች ከመጣላቸው የፀሐይ ኃይል ወደ 11 ከመቶ ገደማ ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጡት ሌሎች ተቀባይ ሞለኪውሎች ብርሃንን ራሳቸው በደንብ ስለሚስቡ በልጠውታል። ሆኖም ፉለሪን ሥራ አልፈታም። ፔሮቭስካይት በሚባሉት አዳዲስ የፀሐይ ሴሎች ውስጥ 20 ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የካርቦን ስልሳ ሽፋን ኤሌክትሮኑን እየተቀበለ የሚያሳልፍ በር ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ ቦታው ተለወጠ እንጂ ተግባሩ አልጠፋም።

ሰ. በክፍል ውስጥ ምን ማሳየት እንችላለን?

«ላቦራቶሪ የለም» የሚለው ምክንያት በብዙ ትምህርት ቤት ይሰማል። እጥረቱ እውነት ነው፤ አንክደውም። ግን የስስ ሽፋን ሳይንስ ራሱ ከየት እንደጀመረ እንመልከት። አግነስ ፖክልስ የተባለች ጀርመናዊት ሴቶች ዩኒቨርሲቲ በማይገቡበት ዘመን ቤት ውስጥ ሆና ዕቃ ስታጥብ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የቅባት ሽፋን ታጤን ነበር። በገዛ እጇ ከቆርቆሮ በሠራችው ገንዳ ለክታ ያገኘችውን ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ጻፈችላቸው። እሳቸውም ደብዳቤዋን ወደ አንድ ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላኩላት፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ታተመ። ማድ ቤቷ ላቦራቶሪዋ ነበር።

እንግዲህ ለእኛ የሚሆኑ ሦስት ሙከራዎችን እናቅርብ።

አንደኛ፣ የካርቶን ኳስ። ጎናቸው እኩል የሆነ 20 ባለ ስድስት ጎንና 12 ባለ አምስት ጎን ካርቶን ቆርጦ ማጣበቅ። ተማሪው 60ውን ነጥብ በጣቱ ይቁጠር።

ሁለተኛ፣ የዘይት ሽፋን። ያለ ሳሙና በደንብ የታጠበ፣ ወርዱ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ትሪ ውሃ ይሞላል፤ በላዩ ደቃቅ የቁንዶ በርበሬ ዱቄት በስሱ ይነሰነሳል። በቀጭን ሽቦ ጫፍ ስፋቷ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነች የምግብ ዘይት ጠብታ ተይዛ መሀሉን ትነካለች። ዱቄቱ ወዲያው ወደ ዳር ይሸሻል፣ ክብ ቦታም ይከፈታል። የጠብታዋ ይዘት 0.065 ሚሊ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ክቡ 23 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቢኖረው ስፋቱ 41,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይዘቱን ለስፋቱ ስናካፍል የዘይቱ ውፍረት 1.6 ናኖ ሜትር ያህል ይወጣል። ሬይሊም እ.ኤ.አ. በ1890 በወይራ ዘይት ያገኙት ይህንኑ የመሰለ ቁጥር ነበር። አንድ የገጠር ተማሪ በማስመሪያ የሞለኪውልን መጠን ለካ ማለት ነው! የካርቦን ስልሳ አንድ ንጣፍም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሦስተኛ፣ ጥላሸት የለበሰ ሳህን። አንድ የሸክላ ሳህን በሻማ ነበልባል ላይ እያዘዋወሩ ግማሹን በጥላሸት ማልበስና ማቀዝቀዝ። ከዚያ በንጹሑ ግማሽና በጥቁሩ ግማሽ ላይ አንድ አንድ የውሃ ጠብታ ማድረግ። በንጹሑ ላይ ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ በጥቁሩ ላይ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይንከባለላል። ሳህኑ ያው ሳህን ነው፤ ጠባዩን የለወጠው ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሻማውን መምህሩ ራሱ ይያዝ፤ ልጆች ከእሳቱ ራቅ ይበሉ።

እነዚህ ሦስቱ በጨለለቅቱ ገበያ በሚገኝ ዕቃ ይሠራሉ። በመጪው የማስተማር ልምምድ ጊዜ እያንዳንዱ እጩ መምህር ቢያንስ አንዱን ሞክሮ ያገኘውን ቁጥር ቢያመጣ፣ ቁጥሮቹን በዚሁ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ለጥፈን ለማወዳደር ዝግጁ ነን። ልዩነት ይኖራል። ልዩነቱ ከጠብታው አለካክ ነው፣ ከውሃው ንጽሕና ነው ወይስ ከዘይቱ ዓይነት? ብሎ መከራከር ራሱ ሳይንስ ነው። መምህሮቻችንም የጎደለውን እንዲሞሉልን፣ የሚታረም ካለም እንዲያርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ለአንባብያን የቀረበ ጥያቄ፦ ካርቦን ሰባ የተባለው ሌላው ፉለሪን 70 አቶሞች አሉት፤ ባለ አምስት ጎን ፊቶቹ ግን አሁንም 12 ናቸው። ባለ ስድስት ጎን ፊቶቹ ስንት ይሆናሉ? መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ በጋዜጣው ሣጥን ውስጥ ጨምሩ።